ልጅ ያሳደግንባቸው ዓመታት በጡረታ መዝገብ

እዚህ እንግሊዝ አገር ከምንኖረው መካከል ልጅ ለማሳደግ ብለን ሥራ ያቆምን ብዙ ነን። «ሥራ ስላልሠራሁ ጡረታ የለኝም» ሲባልም ደጋግመን እንሰማለን። ነገሩ እንዲያ አይደለም። መብቱ ሴቶች ታግለው ያገኙት ስለሆነ አመጣጡን ማወቅ ይጠቅመናል። ዓመታቱን የጻፍነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ኤሊኖር ራትቦን የተባሉ የፓርላማ አባል ለልጆች አበል እንዲከፈል ለብዙ ዓመታት ተከራከሩ። በ1945 የቀረበው ረቂቅ ሕግ ገንዘቡን ለአባት ሲያደርገው ተቃወሙ፤ ፓርላማውም ለእናት እንዲሰጥ ወሰነ። እሳቸው ጃንዋሪ 1946 ዐረፉ። የመጀመሪያው ክፍያ የተሰጠው በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ነው፤ ለማየት አልታደሉም።

በ1948 የተጀመረው የናሽናል ኢንሹራንስ ሥርዓት ግን ባለትዳርን ሴት የባሏ ጥገኛ አድርጎ ነበር የሚያያት። ተቀጥራ ብትሠራ እንኳ ዝቅተኛ መዋጮ መክፈል ትችል ነበር። ይህን የመረጡ ብዙዎች ለጊዜው ጥቂት ገንዘብ ተረፋቸው፤ በእርጅናቸው ግን በራሳቸው ስም የሚገባ ጡረታ አጡ።

ባርባራ ካስል ሚኒስትር ሳሉ በ1975 የወጣው ሕግ ይህንን መለወጥ ጀመረ። ከኤፕሪል 1978 አንስቶ ሆም ሪስፖንሲቢሊቲስ ፕሮቴክሽን የሚባል ከለላ መጣ። ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ቻይልድ ቤኔፊት የምትቀበል እናት፣ ለሙሉ ጡረታ የሚጠየቁት ዓመታት ተቀነሱላት። በ2010 ደግሞ ከለላው ወደ ክሬዲት ተለወጠ፤ ክሬዲቱም ልጁ 12 ዓመት እስኪሞላው ይመዘገባል። ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ በወጣው አዲስ ጡረታ፣ ጥቂትም ቢሆን ለማግኘት በመደበኛው ቢያንስ 10 ዓመት መመዝገብ አለበት። ልጅ ያሳደግንባቸው ዓመታት ብቻ ይህን ሊሞሉ ይችላሉ።

ችግሩ ያለው መዝገቡ ላይ ነው። ከሜይ 2000 በፊት የቻይልድ ቤኔፊት ማመልከቻ ያለ ናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር ሊያልፍ ይችል ነበር። በዚህ የተነሳ የብዙ እናቶች ዓመታት በስማቸው ሳይገቡ ቀሩ። መንግሥት በ2023 ጉድለቱን ለማረም ደብዳቤ መላክ ጀመረ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከአገር የወጣነው እናቶች ቅጹን የሞላነው በዚያው ዘመን ነው። አንዳንዶቻችን ደግሞ ቻይልድ ቤኔፊቱን በባል ስም አስመዝግበናል፤ ክሬዲቱ በቀጥታ የሚሄደው ስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው። እንዲዛወር መጠየቅ የሚቻልበት ሁኔታ ግን አለ።

ስለዚህ ደብዳቤ እስኪመጣ አንጠብቅ። የናሽናል ኢንሹራንስ መዝገባችንን አስወጥተን፣ የልጆቻችንን የልደት ዓመት ከጎኑ ጽፈን እናስተያይ። የጎደለ ካለ እናመልክት። እንግሊዝኛው የሚከብዳት እህት ካለች አብረናት እንሙላ። አበው «የቃል ይረሳል፣ የተጻፈ ይወረሳል» ይላሉ። ያሳደግናቸው ልጆች ምስክር ቢሆኑንም ጡረታ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት የሚያየው መዝገቡን ነው።