ያልተስተካከለው ዳይስና የተገለበጠው ጥያቄ

በአውሮፓ የቁማር ጠረጴዛዎች ላይ የተወረወረው ዳይስ፣ ማለትም ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ የተቀረጸበት ባለ ስድስት ገጽ ትንሽ ኪዩብ፣ ሁልጊዜ የሚታመን አልነበረም፤ አታላዩ ተጫዋች በአንዱ ገጽ በኩል እርሳስ ከሸጎጠበት ከባዱ ወገን ወደ ታች ስለሚያጋድል ተቃራኒው ቁጥር አዘውትሮ ይወጣል። ጣልያናዊው ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ጂሮላሞ ካርዳኖ በ16ኛው መቶ ዘመን ጽፎት ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1663 በታተመው መጽሐፉ፣ ስድስቱ ገጾች እኩል ዕድል የሚኖራቸው ዳይሱ ትክክለኛ ከሆነ ብቻ መሆኑን አስቀምጧል። በ1654 በደብዳቤ የተመካከሩት ፈረንሳውያን የሒሳብ ሊቃውንት ፓስካልና ፌርማም የዳይሱን ትክክለኛነት እንደታወቀ ወስደው የውጤቱን ዕድል አሰሉ።

ጥያቄው የተገለበጠው ዘግይቶ ነው። በ1761 የሞተው እንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ ቤይዝ ትቶት የሄደውና ወዳጁ ሪቻርድ ፕራይስ በ1763 ለለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ ያቀረበው ጽሑፍ፣ ከታየው ውጤት ተነስቶ ወደተሰወረው መንስኤ መመለስን አስተማረ፤ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስም በ1774 በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰ። አንድ ነገር መከሰቱ ከታወቀ በኋላ የሌላውን ዕድል የሚጠይቀው ይህ ስሌት ሁኔታዊ ዕድል ይባላል። በአንድ ከረጢት ውስጥ ትክክለኛ ዳይስና ስድስትን በግማሽ ዕድል የሚያወጣ የተዛባ ዳይስ አሉ እንበል፤ አንዱ ሳይታይ ተመዝዞ ሲወረወር ስድስት ቢወጣ፣ የተዛባው 1/2፣ ትክክለኛው ደግሞ 1/6 ስለሚያዋጣ፣ ማለትም ሦስት ለአንድ ስለሚሆኑ፣ የተመዘዘው የተዛባው የመሆኑ ዕድል 3/4 ነው። ያው ዳይስ ሁለተኛ ስድስት ቢያወጣ ሚዛኑ ዘጠኝ ለአንድ ይሆንና ዕድሉ ወደ 9/10 ያድጋል። ጥርጣሬ በቁጥር መመዘኑ የዚህ ታሪክ ትልቁ ግኝት ነው።

እርሳስ ያልገባበት ዳይስም ቢሆን ፍጹም አይደለም። እንግሊዛዊው የሥነ እንስሳት ሊቅ ራፋኤል ዌልደን እ.ኤ.አ. በ1894 12 ዳይሶች 26,306 ጊዜ ተወርውረው የተገኘውን ውጤት ሲመዘግብ፣ አምስትና ስድስት በድምሩ ከሚጠበቀው 33.33 በመቶ አልፈው 33.77 በመቶ ሆኑ፤ ለዚህም የሚሰጠው ምክንያት ነጥቦቹ ተቦርቡረው ስለሚሠሩ ብዙ ነጥብ ያለው ገጽ መቅለሉ ነው። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ካርል ፒርሰን በ1900 ይህንኑ መዝገብ የታየው ውጤት ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ በሚለካው አዲሱ የካይ ስኩዌር መፈተኛ መርምሮ፣ ዳይሶቹ ትክክለኛ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ያለ ልዩነት እጅግ ብርቅ እንደሚሆን አሳየ። የፒርሰን ቁጥር ግን የሚመልሰው የካርዳኖን ወገን ጥያቄ፣ ማለትም ዳይሱ ትክክለኛ ከሆነ ውጤቱ ምን ያህል ዕድል አለው የሚለውን ነው፤ ዳይሶቹ ትክክለኛ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው ለሚለው የቤይዝ ጥያቄ፣ ከመወርወሩ በፊት በዳይሶቹ ላይ የነበረው እምነትም ጭምር በስሌቱ መግባት አለበት።