የአጎታችን ሰንደቅ ዓላማ፤ ታሪኩና አያያዙ



እንደሚታወቀው ሁሉ ዕድራችን የተቋቋመው ለቀብር፣ ለለቅሶና ለችግር ቀን ነው። ጡሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ለቀስተኛው ይሸኛል፣ ሦስተኛው ቀን ሲያልፍ ዕቃው ተቆጥሮ ወደ መጋዘን ይመለሳል። ታዲያ ከሐዘኑ በኋላ በየቤታችን የሚቀር ነገር አለ። እኛም ዘንድሮ ስለዚሁ ስለሚቀረው ነገር፣ ይልቁንም በዘማች ሬሳ ሣጥን ላይ ስለሚለብሰው ሰንደቅ ዓላማ ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ዕድሜያችንን የጨረስነውም በመዝገብ ቤት ፋይል ስንቆጥርና ደብዳቤ ስንመዘግብ ስለሆነ አጻጻፋችን ቢሻክር ይቅርታ እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ባንዲራ የምንለው ቃል ከጣሊያን ቋንቋ የመጣ ነው። ሰንደቅ የሚባለው ዘንጉ ሲሆን ዓላማ የሚባለው ምልክቱ ነው። ሦስቱ ቀለሞቻችን ባንድ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ሆነው የአገር መለያ የሆኑት በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1890 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ ወረደ፤ ልክ በአምስት ዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማይቱ ተመልሰው እንደገና ተሰቀለ። አባቶቻችን ባንዲራ ሲያዩ ቀጥ ብለው የሚቆሙት በከንቱ አልነበረም፤ ሲወርድ ያዩ ሰዎች ናቸው።

አጎታችን የሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ሃምሳ አለቃ ይላቸው ነበር። በ1944 ዓ.ም. ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘመቱ። ቃኘው የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ በጂቡቲ በኩል በመርከብ ተጉዞ ፑሳን ወደብ የደረሰ ሲሆን፣ የኛ ወታደሮች ከአሜሪካን 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋግተዋል። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ አንድም ሰው ግን አልተማረከም። የሞቱትንም ባዕድ አገር አልተዋቸውም፤ አጽማቸው ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ አርፏል። አጎታችን ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀንስ ነበር። «ሬሳ ጥለን አልመጣንም» ይሉና ዝም ይላሉ።

ከዘመቻው ሲመለሱ ዘውድ የደፋ አንበሳ በመሐሉ ቀለም የተቀባበት አንድ የጥጥ ባንዲራ ነበራቸው። በ1967 ዓ.ም. ከአንበሳው ራስ ላይ ዘውዱ ሲነሳ እሳቸው የራሳቸውን በአቡጀዴ ጠቅልለው ከሣጥኑ ሥር አወረዱት። ያን ጊዜ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር የተወዳጀ ስለነበረ ለደቡቡ የተዋጋ ሰው ታሪኩን ጮክ ብሎ አያወራም። እኛም ያኔ ወጣቶች ነበርንና «ጋሼ፣ ምን ያደርግልዎታል?» ብለናቸዋል፤ ዛሬ ያፍረናል። እሳቸው የመለሱልን፣ «ስሞት ልበሰው፤ ግን አትቅበሩብኝ» ብለው ነው።

ያረፉት በ1989 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። ዝናቡ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን አላባራም። ባንዲራው በሣጥኑ ላይ ተነጥፎ በሰበሰ፣ የመቃብሩ ቀይ ጭቃም ጠርዙ ላይ ተረጨበት። ሣጥኑ ከመውረዱ በፊት ሁለት የቃኘው ጓደኞቻቸው፣ እነሱም በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌዎች፣ ባንዲራውን አንስተው አጠፉትና ለባለቤታቸው ለእትዬ በሁለት እጅ ሰጧቸው። ያን ጊዜ ከጓደኞቹ አንዱ ሰላምታ ሰጠ፤ ለቀስተኛው ጸጥ አለ።

እንግዲህ ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጥፋቱም የኛ ነው። እርጥቡን እንደታጠፈ ሣጥን ውስጥ ከተትነው። መስከረም ጠብቶ ብንከፍተው ሻጋታ ሸተተን፣ ጥቁር ነጥብም ጣል ጣል ብሎበታል። «ይታጠብ» አልን። ሙቅ ውሃ ቀርቦ የዱቄት ሳሙና ተበጠበጠ። ገና ሁለት ጊዜ ሳናሸው ቀዩ ቀለም ወደ ቢጫው ፈሰሰ፤ የአንበሳው ቅብም ተሰነጣጥቆ ከፊሉ በእጃችን ላይ ቀረ። ደንግጠን አወጣነው። እትዬ ከደጃፍ ቆመው ያዩ ነበርና አልተቆጡንም። «ያ ጭቃ እኮ የሱ የቀብሩ ጭቃ ነበር» ብቻ ብለው ገቡ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮአችን አልወጣችም።

በዚያው ሰሞን ከዘመዶቻችን አንዱ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አመጣ። አርማው በ1980 ዓ.ም. ተለውጧል፣ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ኮከብ ያለበት ሰማያዊ ክብ ገብቷል፤ እንግዲያው የተላጠውን አንበሳ ቆርጠን አውጥተን አዲሱን እንስፋበት አለ። በዚህስ እምቢ አልን። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ የ1945 ዓ.ም. ደብዳቤ ማኅተሙ ስለተለወጠ በአዲስ ማኅተም አይመታም። ቢመታ ደብዳቤው ሐሰተኛ ይሆናል። በአደባባይ የሚሰቀለው የዘመኑን ሕግ ይከተል፤ የሟች ባንዲራ ግን የኖረበትን ዘመን ይመስክር።

ከዚህ በኋላ በሙዚየም ውስጥ አሮጌ ጨርቅ ሲንከባከቡ የኖሩ አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ያስተማሩንን እዚህ ላይ እንገልጻለን። ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

አንደኛ፣ አለመቸኮል ነው። እርጥብ ከሆነ አይታጠፍም፤ ነጭ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ በጥላ፣ ነፋስ በሚገባበት ክፍል ዘርግቶ ማድረቅ ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ቀለሙን ይበላዋል። ካውያም አይነካውም።

ሁለተኛ፣ አቧራውን ለማንሳት ውሃ አያስፈልግም። የአጎበር ቁራጭ በላዩ ዘርግቶ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብሎ መጥረግ ይበቃል። ሻጋታ ካለበት ከደረቀ በኋላ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ነው።

ሦስተኛ፣ የግድ ይታጠብ የሚል ሰው ቢመጣ አስቀድሞ ይፈትን። ነጭ ጥጥ በንጹሕ ውሃ አርሶ በማይታይ ጠርዝ፣ በየቀለሙ ላይ ለጥቂት ደቂቃ መጫን ነው። ጥጡ ቀለም ከያዘ ነገሩ አለቀ፤ ውሃ አይንካው። በረኪና ደግሞ በምንም ዓይነት አይቀርብም። ሐር ከሆነ፣ የተቀባ አርማ ካለው ወይም ከሳሳ ለባለሙያ መተው ነው። ደም ወይም የመቃብር አፈር ቢኖርበትስ? እሱ እድፍ አይደለም፣ ታሪክ ነው።

አራተኛ፣ አቀማመጥ። ለረጅም ዘመን የታጠፈ ጨርቅ በእጥፋቱ መስመር ይበጠሳል። ስለሆነም ጨርቅ ነጋዴዎች ጣቃ የሚጠቀልሉበትን የካርቶን ቱቦ ፈልጎ፣ ታጥቦ ሙጫው በለቀቀ አቡጀዴ አልብሶ፣ ባንዲራውን በዚያ ላይ ላላ አድርጎ መጠቅለልና በላዩም ሌላ አቡጀዴ መደረብ ነው። ፌስታል እርጥበት ያፍናል፣ ተዉት። የብል መድኃኒት ሣጥኑ ውስጥ ቢገባም ጨርቁን መንካት የለበትም።

አምስተኛ፣ ግድግዳ ላይ ማሳየት ለሚፈልግ። በምስማር አይመታም። በአቡጀዴ ላይ በቀጭን ክር፣ በጠርዙ በኩል ብቻ ሰፋ ሰፋ ተደርጎ ይያዝና በመስተዋት ክፈፍ ይገባል፤ መስተዋቱ ጨርቁን እንዳይነካ ዙሪያውን ቀጭን እንጨት ይለይ። ከመስኮት ትይዩ፣ ከማድ ቤት ግድግዳ፣ ከዕጣንና ከቡና ጭስ ይራቅ። እኛ ቤት ዓመቱን ሙሉ አይወጣም። ለሚያዝያ 27 እና ለሙት ዓመታቸው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ልጆቹ ያዩታል፣ ማታ ተመልሶ ይጠቀለላል።

ስድስተኛውና ዋናው ወረቀቱ ነው። የማን ነው? የት ዘመቱ? መቼ አረፉ? ማን አነሳው? ማንስ አበላሸው? ይህ ካልተጻፈ ከሁለት ትውልድ በኋላ አሮጌ ጨርቅ ነው ተብሎ ወለል ይወለወልበታል። እኛ በእርሳስ ጽፈን ከቱቦው ጋር አስቀምጠናል። ቀዩ ወደ ቢጫው የፈሰሰው በኛ እጅ መሆኑንም አልደበቅንም።

እትዬ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ባንዲራው ዛሬም አለ፤ አንበሳው ግማሽ ፊቱ የለም፣ ጠርዙ ላይ ግን ከእጥበታችን የተረፈች የጭቃ ነጥብ አለች። ልጆች ሲጠይቁን በመጀመሪያ የምናሳየው እሷን ነው።

በመጨረሻም ለዕድራችን ዳኛና ለጸሐፊው አንድ አሳብ እናቀርባለን። በየቤታችን የአርበኛ፣ የኮሪያ ዘማች ወይም የሌላ ዘመቻ ወታደር ባንዲራ ያለን እንኖራለን። ከመዋጮ መዝገቡ ጎን አንድ ደብተር ተከፍቶ የባለቤቱ ስም፣ የዘመተበት ቦታና ያረፈበት ዓመት ቢመዘገብ ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። ለመጻፉ እኛ በነፃ እናገለግላለን፤ ይህች ብቻ ናት የምናውቃት ሥራ።

እግዚአብሔር የሞቱትን ነፍስ ይማር፣ ያለነውን ለከርሞ ያድርሰን። አሜን።