ግሪንቤልት በፎቶግራፍ፦ አንዲት ከተማ ስትሠራና ስትመዘገብ

ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን ምሥራቅ በሜሪላንድ ግዛት የምትገኘው ግሪንቤልት፣ መሬቷ ከተመነጠረበት ጊዜ ጀምሮ ነዋሪዎቿ አትክልታቸውን እስኪኮተኩቱ ድረስ የመንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች የተከታተሏት ከተማ ናት። ስለዚህም የመሬት ገጽታን፣ የአትክልት ስፍራን፣ ታሪክንና የሰውን የዕለት ኑሮ በአንድነት የሚይዘው የፎቶግራፍ መጽሐፍ ከምን እንደሚሠራና በምን እንደሚመዘን ለማየት ጥሩ ማሳያ ትሆናለች። የፎቶግራፍ መጽሐፍ ሲባል በሥዕል የታጀበ ተራ መጽሐፍ ማለት ሳይሆን፣ ምስሎች በአንድ ሐሳብ ዙሪያ ተመርጠውና ቅደም ተከተል ይዘው ዋናውን ትረካ የሚሸከሙበት የኅትመት ዓይነት ማለት ነው።

የከተማዋ መነሻ የእንግሊዛዊው የኤቤኔዘር ሃዋርድ ሐሳብ ነው። ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው መጽሐፍ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) የከተማን ሥራና የገጠርን አየር የሚያጣምር፣ ዙሪያውን በማይገነባበት አረንጓዴ መሬት የታጠረ «የአትክልት ከተማ» እንዲቆረቆር ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት ለሥራ አጦች ሥራ፣ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦችም መኖሪያ ለመስጠት ሲነሳ፣ በ1935 የተቋቋመውና በሬክስፎርድ ተግዌል የሚመራው የሰፈራ አስተዳደር ይህንኑ ሐሳብ ተከትሎ ሦስት ከተሞችን ገነባ። እነርሱም በኦሃዮ ግሪንሂልስ፣ በዊስኮንሲን ግሪንዴል፣ በሜሪላንድ ደግሞ ግሪንቤልት ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ የግሪንቤልት ቤተሰቦች በ1937 መጸው መግቢያ ላይ ገቡ።

መጀመሪያ የተሠሩት 885 መኖሪያዎች 574 ተያያዥ ቤቶችን፣ 306 አፓርታማዎችንና 5 ለብቻቸው የቆሙ ቤቶችን ያካተቱ ነበሩ። የከተማዋን ፕላን ያወጣው ሄል ዎከር፣ ቤቶቹን የነደፉት ደግሞ ዳግላስ ኤሊንግተንና ሬጂናልድ ዋድስዎርዝ ናቸው። መንገዶቹ የጨረቃ ግማሽ ቅርጽ ይዘው ኮረብታውን እንዲከተሉ፣ እግረኛም ከመኪና ጋር ሳይጋፋ ከቤቱ ወደ ገበያና ወደ ትምህርት ቤት እንዲደርስ በመንገዱ ሥር መተላለፊያ እንዲኖር ተደረገ። እያንዳንዱ ቤት ሁለት ፊት ነበረው፤ አንደኛው ወደ መኪና መንገዱ የሚያይ የአገልግሎት ፊት ሲሆን፣ ሌላው ነዋሪዎቹ በጋራ ወደሚጠቀሙበት ሣርና ዛፍ የሚከፈት የአትክልት ፊት ነው። በሰው ጉልበት የተቆፈረው ሐይቅና ለነዋሪዎች የሚከፋፈለው የአትክልት መደብ ሲጨመሩበት፣ መሬቱና ተክሉ የከተማዋ ጌጥ ብቻ ሳይሆኑ የኑሮዋ አካል ሆኑ፤ ካሜራው ለመልክዓ ምድርና ለቤተሰብ ሕይወት የየራሳቸው ጥራዝ ማዘጋጀት ያላስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሰፈራ አስተዳደሩ ሥራውን በምስል የሚመዘግብ ክፍል አቋቁሞ ኃላፊነቱን ለሮይ ስትራይከር ሰጠው፤ ክፍሉም በኋላ ወደ እርሻ ዋስትና አስተዳደር ተዛወረ። ካርል ማይደንስ ግንባታው ሲጀመር፣ ማሪዮን ፖስት ዎልኮት ቤተሰቦች ከገቡ በኋላ፣ ማርጆሪ ኮሊንስ ደግሞ በ1942 በጦርነቱ ዘመን ግሪንቤልትን አንስተዋታል። ዓላማው ንጹሕ የታሪክ ምዝገባ ብቻ አልነበረም፤ ወጪው የበዛበት ይህ ፕሮጀክት በጋዜጦችና በምክር ቤት ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው፣ የሕዝብ ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ በምስል ማስረዳትም የክፍሉ ሥራ ነበር። ስትራይከር ፎቶግራፍ አንሺዎቹን ባዶ እጃቸውን አይልካቸውም፤ ሰዎች ከሥራ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ፣ የት እንደሚገናኙና ቤታቸውን እንዴት እንደሚያሰናዱ እንዲከታተሉ የሚያሳስብ የጽሑፍ መመሪያ ይሰጣቸው ነበር። ዛሬ ለተመራማሪ እጅግ የሚጠቅመውም ያን ጊዜ ከቁም ነገር የማይቆጠረው ይኸው የዕለት ውሎ ነው።

ክፍሉ ያፈራቸው ወደ 175,000 የሚጠጉ ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቮች (ማለትም ፎቶው የሚታተምባቸው ፊልሞች) ዛሬ በዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የስብስቡ ጉልበት በብዛቱ ብቻ የሚለካ አይደለም፤ ለብዙዎቹ ምስሎች ቦታው፣ ጊዜው፣ የአንሺው ስምና የሚታየው ነገር በአጭሩ ተጽፎላቸዋል። ይህ የምስል መግለጫ ባይኖር ኖሮ በሐይቅ ዳር የቆመች እናት የየትም አገር እናት ሆና በቀረች ነበር። በሌላ በኩል ስትራይከር ለዓመታት የማይፈልጋቸውን ኔጋቲቮች ቀዳዳ እያስበሳ ከጥቅም ውጭ ያደርግ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ስብስብ የሚያሳየው የሆነውን ሁሉ ሳይሆን፣ አንድ መራጭ እንዲታይ የፈቀደውን መሆኑን አንባቢ ልብ ሊል ይገባል።

ከዚሁ ስብስብና ከዚሁ ዘመን የወጡ መጻሕፍት ምስልና ጽሑፍ በብዙ መንገድ ሊጋቡ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ዶሮቲያ ላንጅ ከባለቤቷ ከኢኮኖሚ ምሁሩ ፖል ቴይለር ጋር በ1939 ባሳተመችው «አን አሜሪካን ኤክሶደስ» ውስጥ የተፈናቃይ ገበሬዎች የራሳቸው ንግግር ከምስላቸው ጎን ሰፍሯል። በ1941 በወጣው የዎከር ኤቫንስና የጄምስ ኤጂ መጽሐፍ ግን ፎቶዎቹ ያለምንም መግለጫ ከጽሑፉ በፊት ተደርድረው፣ አንባቢው በመጀመሪያ በዓይኑ ብቻ እንዲያነብ ተገድዷል። በዚያው ዓመት ደራሲው ሪቻርድ ራይትና ኤድዊን ሮስካም ያዘጋጁት መጽሐፍ ደግሞ የመንግሥቱን ፎቶዎች የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ ለመተረክ ተጠቀመባቸው። የመጀመሪያው መንገድ ለባለጉዳዩ ድምፅ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ለምስሉ ክብር ይሰጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለአንድ ዓላማ የተነሳ ምስል በሌላ አደራደር ሌላ እውነት ሊናገር እንደሚችል ያረጋግጣል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በግሪንቤልት ላይ ጎልቶ ይታያል። ከተማዋን ከገነቡት መካከል ጥቁር ሠራተኞች ቢኖሩም፣ በሠሯቸው ቤቶች ለመኖር የተፈቀደላቸው ነጮች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በዋና ገንዳው፣ በኅብረት ሥራ መደብሩና በአትክልት መደቡ የሚታዩት ደስተኛ ቤተሰቦች እውነተኛ ቢሆኑም፣ ምስሎቹ ብቻቸውን ሲታዩ የተከለከለው ሰው አይታይም። ኮሊንስ ግሪንቤልትን ባነሳችበት በ1942፣ በዚያው የስትራይከር ክፍል የነበረው ጎርደን ፓርክስ ኤላ ዋትሰን የተባለችውን በዋሽንግተን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ ጥቁር የጽዳት ሠራተኛ ከአሜሪካ ባንዲራ ፊት መጥረጊያና መወልወያ አስይዞ አነሳት። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ መጽሐፍ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ስለ ዘመኑ ዋሽንግተን አንዱ ብቻውን ከሚናገረው የበለጠ ይናገራሉ።

መንግሥት በ1952 ቤቶቹን ለነዋሪዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሸጠ በኋላም ምዝገባው አልተቋረጠም። የከተማዋ 50ኛ ዓመት ሲከበር በ1987 በሜሪ ሉ ዊልያምሰን አርታኢነት የታሪክ መጽሐፍ ታተመ፤ ከመጀመሪያዎቹ ቤቶች አንዱም በዘመኑ የቤት ዕቃ ተሰናድቶ ሙዚየም ሆነ። በ1997 ነባሩ የከተማ ክፍል ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተሰየመ። በመንግሥት ካሜራ የተጀመረው ታሪክ በዚህ መንገድ በነዋሪዎቹ እጅ ገባ።

የኢትዮጵያ የፎቶግራፍ ታሪክም ተመሳሳይ ሽግግር አድርጓል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር በ1996 ያሳተሙት፣ ከ1867 እስከ 1935 የተነሱ ፎቶዎችን የሚይዘው መጽሐፍ በአብዛኛው የዘመቻን፣ የተጓዦችንና የቤተ መንግሥትን ዓይን የሚያሳይ ሲሆን፣ በውስጡም ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት ያገለገለው የአርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ የሠራበት ዘመን ይገኛል። ከዚህ በተቃራኒ በ2018 የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ከቤተሰብ አልበሞች የተሰበሰቡ የሠርግ፣ የትምህርት ቤትና የመዝናኛ ፎቶዎችን በመያዝ ተራውን ከተሜ ባለታሪክ አድርጎታል። በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረችውና በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በፎቶ ጋዜጠኝነት የሠራችው አይዳ ሙሉነህም በ2009 ስለ ኢትዮጵያ የፎቶግራፍ መጽሐፍ አሳትማለች፤ በ2010 ደግሞ የአዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታለች።

መልክዓ ምድርን በተመለከተ ግሪንቤልት ለኢትዮጵያም የሚተርፍ ድርሻ አላት። በከተማዋ የሚገኘው የናሳ ጎዳርድ የጠፈር ማዕከል በ1972 ከመጠቀው የመጀመሪያው ላንድሳት ሳተላይት ጀምሮ የምድርን ገጽ ከላይ በማንሳት ሥራ ዋና ቦታ ይዟል። የላንድሳት ምስሎች በየጊዜው ስለሚነሱ፣ የአንድ አካባቢ ደን፣ ሐይቅና እርሻ በዓመታት ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ ለማነጻጸር ያስችላሉ። በደቡብ ጎንደር በእርሻ ማሳ መካከል ክብ ሆነው የሚታዩት የቤተ ክርስቲያን ደኖችም ከላይ ሲታዩ ዙሪያቸው ምን ያህል እንደተራቆተ በግልጽ ያሳያሉ። ይሁን እንጂ ሳተላይቱ ደኑን እንጂ በዛፉ ሥር የተቀመጠውን ሰው አይመዘግብም፤ ያን የሚያደርገው መሬት ላይ የቆመው ፎቶ አንሺና ስም የሚጽፈው መዝጋቢ ነው።

እንግዲህ የግሪንቤልት ተሞክሮ የሚያስተምረው፣ ፎቶግራፍ ታሪክ የሚሆነው ስለተነሳ ሳይሆን ማን፣ የት፣ መቼና ለምን እንደተነሳ አብሮ ስለተጻፈ መሆኑን ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከአገር ቤት ይዘዋቸው የመጡትና በስደት ያነሷቸው ፎቶዎች ለብዙ መጽሐፍ የሚበቃ ሀብት ናቸው፤ በምስሎቹ ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቁት አረጋውያን ግን ሁልጊዜ አይገኙም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ጠይቆ በየፎቶው ጀርባ በእርሳስ ይጻፍ፤ ቅጂውንም ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ወይም ማኅበር አደራ ይስጥ።