የግራ እግር ድርሻ፤ ሃይ-ሃት ከሰው ወደ ማሽን

ሃይ-ሃት በአንድ ዘንግ ላይ ፊት ለፊት የተሰኩ ሁለት ሲምባሎች ናቸው። ድራመሩ ከላይ በበትር ይመታቸዋል፤ ከታች ደግሞ በግራ እግሩ ፔዳል እየረገጠ ይከፍታቸዋል፣ ይዘጋቸዋል። ድምፁን የሚያስነሳው እጅ ቢሆንም ዕድሜውን የሚወስነው እግር ነው። ድራም በማሽን ማቀናበር ከተጀመረ ወዲህ በብዛት የተዘነጋውም ይኸው እግር ነው።

በ1920ዎቹ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ሲምባሎች ከወለሉ ብዙም ከፍ የማይሉ፣ በእግር ብቻ የሚጋጩ ነበሩ። ዘንጉ ሲረዝም እጅ ደረሰባቸው። በ1930ዎቹም የካውንት ቤዚ ባንድ ድራመር ጆ ጆንስ የምቱን ጊዜ ጠባቂነት ከባስ ድራሙ ወደ ሃይ-ሃት አዛወረው፤ ክፍትና ዝግ እያፈራረቀም ስዊንግን አቀለለው።

በ1980 ሁለት ድራም ማሽኖች ብቅ አሉ። የሮጀር ሊን ኤልኤም-1 የእውነተኛ ድራሞችን ድምፅ ቀድቶ የያዘ ሲሆን፣ የጃፓኑ ሮላንድ ቲአር-808 ግን ሃይ-ሃቱን የሚሠራው ከስድስት የኤሌክትሮኒክስ ሞገዶች ቅልቅል ነበር። 808 ላይ ሁለት ሁኔታ ብቻ አለ፤ ክፍትና ዝግ። ዝጉ ሲመታ የክፍቱ ድምፅ ይቆረጣል፤ የእግሩ መታሰቢያ ይህች ብቻ ናት። በ1991 የጸደቀው ጄኔራል ሚዲ ለዝግ 42፣ በፔዳል ለሚጋጨው 44፣ ለክፍት 46 ቁጥር መደበ። የአንዱ አቀናባሪ ሥራ በሌላው መሣሪያ ላይ እንዲሰማ ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ ይሁንና ድራመሮች አብዝተው የሚኖሩበት ገርበብ ያለው ሃይ-ሃት ቁጥር አላገኘም።

ጉድለቱ በኢትዮጵያ ካሴቶችም ላይ ይሰማል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የሌሊቱን መድረክ ካቀዘቀዘና ትልልቆቹ ባንዶች ከሳሱ በኋላ፣ አንድ ኪቦርድ የባንድ ቦታ የያዘባቸው ሥራዎች እየበዙ ሄዱ። በብዙዎቹ ሃይ-ሃቱ ከመግቢያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጉልበት ይቆጥራል። አቀናባሪውን መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በእጁ የነበረው ያው ነበርና።

ከ2000ዎቹ ወዲህ የመጡት የኮምፒዩተር ድራሞች አጥብቆ የተዘጋውን፣ ላላ ያለውን፣ በየደረጃው ገርበብ ያለውንና ወለል ብሎ የተከፈተውን ለየብቻ ቀድተው ይዘዋል። በበትሩ ጫፍ የላይኛው ሲምባል ገጽ ላይ የሚመታው ቀጭን ድምፅና በበትሩ ወፍራም ጎን ጠርዙን የሚመታው ሸካራ ድምፅም ተለይተዋል። እንዲያም ሆኖ ብዙ አቀናባሪ የምቱን ጉልበት ብቻ ከፍና ዝቅ ሲያደርግ ይውላል። ድራመር ግን ሲጠነክር ጉልበት ብቻ አይጨምርም፤ ከጫፍ ወደ ጎን ይሻገራል። ወደ አዝማቹ ሲቃረብም እግሩን ቀስ በቀስ ያላላል። የከፈተውን ሃይ-ሃት የሚዘጋበትም ቅጽበት አለው፤ ብዙውን ጊዜ በቀጣዩ ምት ላይ ነው። ሁለቱ እጆቹ ቶሞቹን ሲዞሩ ሃይ-ሃት በበትር ሊመታ አይችልም፤ የሚቀረው ከሥር በግራ እግር የሚጋጨው ጭ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ሁለት የባስ ድራም ፔዳል ሲረግጥ ደግሞ ያም ይቀራል፤ ዘንጉ ላይ ባለ ማጥበቂያ ካልተቆለፉ በቀር ሲምባሎቹ ተከፍተው ይቆያሉ።