ከድሬዳዋ ካምፕ የወጣው ኮሚክ

መቐለ፣ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብዬ በረራ ስጠብቅ ስልኬ ላይ የማነበው ኮሚክ የሁጎ ፕራት ነው፤ እኛው አገር ያደገ ጣሊያናዊ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ማረፊያው በስማቸው የሚጠራው ራስ አሉላ በ1887 ዶጋሊ ላይ ጣሊያንን ድል መቱ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ የአሥር ዓመቱ ሁጎ ከወራሪው ጋር የመጣ አባቱን ተከትሎ ኢትዮጵያ ገባ። በ1941 እንግሊዞች አባትየውን ማረኩት፤ በምርኮ ላይ እያለም ሞተ። እናትና ልጅ ድሬዳዋ ካምፕ ታሰሩ። ልጁ እዚያ ምን ያደርግ ነበር? ከጠባቂዎቹ ኮሚክ ይገዛ ነበር!

አድጎ ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን መርከበኛ ፈጠረ። «ሌ ዜትዮፒክ» በሚል ርዕስ የተሰበሰቡት አራት ታሪኮች በ1918 ገደማ ከየመን እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ይዘዋወራሉ። ኩሽ የሚባል ኩሩ የደንከል ተዋጊም አለባቸው፤ ለእኔ ከኮርቶ እሱ ይበልጣል።

የሚገርመው ግን ማን አሳተመው የሚለው ነው። ታሪኮቹ መጀመሪያ የወጡት ፒፍ ጋጄት ላይ ነው፤ ለፈረንሳይ ኮሚኒስት ፓርቲ ቅርብ የሆነ፣ በየእትሙ መጫወቻ የሚሰጥ የልጆች መጽሔት። ከዚያ በአልበም ያወጣቸው ካስተርማን ነው፤ ከካቶሊክ ማተሚያ ቤት የተነሳው የቲንቲን አሳታሚ፣ ቤልጂየማዊ። አስቡት፣ ያንኑ ታሪክ ኮሚኒስቱም ካቶሊኩም አሳተመው። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ሰርቨሩ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፕራት እዚያው ይቀር ነበር።

ሌሎቹም እንደዚሁ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ዱፒዊ ከ1938 ጀምሮ ስፒሩን ያወጣል፤ ዳርጎ በአስቴሪክስ ከበረ። ዛሬ ሁለቱም አንድ ግሩፕ ሥር ናቸው፤ ይሄ ብዙም ደስ አይለኝም። በ1990 ደግሞ ሠዓሊዎች ራሳቸው ላሶሲያሲዮንን መሠረቱ። ባለ 48 ገጽ፣ ባለ ቀለም፣ ጠንካራ ሽፋን አልበም የሚባለውን ልማድ አንፈልግም አሉ። በ2000 የኢራናዊቷን ማርጃን ሳትራፒን ጥቁርና ነጭ «ፐርሴፖሊስ» ማውጣት የጀመሩት እነሱ ናቸው።

እኛስ? በ2018 እጣን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ልዕለ ጀግናው አማኑኤል ይባላል፤ ታሪኩ ሲጀምር ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ እየፈለገ ነው።