ጠባብ ሜሞሪና የኮምፒዩተር ዕድሜ

ኮምፒዩተር በሁለት መንገድ ያረጃል። አንደኛው የአካል ክፍሎቹ ሲበላሹ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አካሉ ደኅና ሳለ የሚጫኑበት ፕሮግራሞች ከዐቅሙ በላይ ሲሆኑ ነው። የመጀመሪያው እርጅና የቁስ ጠባይ ስለሆነ የሚያከራክር አይደለም። ሁለተኛው ግን የሰው ውሳኔ ውጤት ነውና ታሪኩን መመርመር ለሙያው ሰዎች የሚጠቅም ይሆናል።

የሜሞሪ ማነስ ከኮምፒዩተር ጋር አብሮ የተወለደ ችግር ነው። በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ በቶም ኪልበርን መሪነት የተሠራው አትላስ የተባለው ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1962 ሲመረቅ፣ ፈጣኑ ሜሞሪው እያንዳንዳቸው 48 ቢት የሆኑ 16 ሺህ ያህል ቃላትን ብቻ ይይዝ ነበር። ከእርሱ ጋር የተያያዘው ቀርፋፋ የማግኔት ከበሮ ግን የዚህን 6 እጥፍ ይይዛል። መሐንዲሶቹም ፕሮግራሙን ገጽ በሚባሉ እኩል ክፍሎች ከፋፍለው፣ ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ሜሞሪ የሚያሠራ ዘዴ አበጁ። አሠራሩ ጠባብ ጠረጴዛ የተሰጠው ጸሐፊ ከሚያደርገው የተለየ አይደለም፤ ይኸውም የያዘውን ፋይል ብቻ ከፊቱ ዘርግቶ የቀረውን ወደ መዝገብ ቤት መመለስ፣ ሲያስፈልግም እንደገና ማስመጣት ነው።

ይሁን እንጂ ዘዴው ወሰን አለው። አሜሪካዊው ፒተር ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሟቸው ጥናቶች እንዳስረዱት፣ አንድ ፕሮግራም በአንድ ወቅት በእርግጥ የሚሠራባቸው ገጾች በሜሞሪው ውስጥ ካልተጠቃለሉ፣ ኮምፒዩተሩ ጊዜውን ገጽ በማመላለስ ይፈጀዋል። ጸሐፊው ቀኑን ሙሉ በመዝገብ ቤት መንገድ ላይ ከዋለ አንድም ደብዳቤ አይጽፍም።

ይኸው ዘዴ በግል ኮምፒዩተር ላይ የታየበት አንድ ታሪክ አለ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጻፉት፣ 386 የተባለ ፕሮሰሰርና 4 ሜጋባይት ሜሞሪ ባለው ኮምፒዩተር ነበር። በዚያው ዓመት ጀርመን አገር የሚኖር አንድ ተጠቃሚ፣ ኮምፒዩተሩ 2 ሜጋባይት ብቻ ስላለው ሊኑክስን በራሱ ላይ ኮምፓይል ለማድረግ እንዳልቻለ አስታወቀ። ቶርቫልድስም በገና ሰሞን ሥራውን ተያይዘው ገጾችን ወደ ዲስክ የማሸጋገር ችሎታ ጨመሩበት። የአንድ ድሀ ኮምፒዩተር ችግር ለባለጸጋውም የሚጠቅም መፍትሔ ወለደ።

ነገር ግን ድጋፍ ዘለዓለማዊ አይደለም። ሊኑክስ የተወለደበት 386 ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ከድጋፍ እንዲወጣ ተወሰነ፤ ምክንያቱም ለእርሱ ሲባል የሚጠበቀው አሮጌ ኮድ ለአዲስ ሥራ ተደጋጋሚ ዕንቅፋት ሆኖ ስለተገኘ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ዚራም የተባለው ዘዴ በይፋ ወደ ሊኑክስ ገባ። ይህም ገጾችን ወደ ዲስክ ከመላክ ይልቅ በሜሞሪው ውስጥ አጥፎና አጨናንቆ የሚያስቀምጥ ነው።

በሌላ ወገን እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ቢያንስ 4 ሜጋባይት ሲጠይቅ፣ በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ ልዩነቱ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። ከዚህም ሌላ የተወሰኑ ፕሮሰሰሮችንና የደኅንነት መጠበቂያ ክፍል ስለሚሻ፣ ሜሞሪያቸው የበቃ ብዙ ኮምፒዩተሮች እንኳ ከበሩ ይመለሳሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ድጋፍ የሌለውን ሲስተም ይዞ መቀጠል ለአጥቂ በር ክፍት መተው ስለሆነ፣ ባለቤቱ ወይ ኮምፒዩተሩን መጣል ወይ ቀለል ያለ ዘመናዊ ሲስተም መጫን ይኖርበታል።

ሁለተኛው መንገድ ተአምር አይሠራም። 2 ጊጋባይት ያለው ኮምፒዩተር ቀላል ሊኑክስ ተጭኖበት ለጽሕፈት፣ ለሒሳብ ሠንጠረዥና ፋይል ለማከፋፈል ያገለግላል፤ ሆኖም በአንድ ጊዜ ብዙ የኢንተርኔት ገጾች ሲከፈቱበት ዴኒንግ ያስረዱት መከራ ይደርስበታል።

ስለዚህ አንድ ኮምፒዩተር ከንብረት መዝገብ ከመሰረዙ በፊት፣ ባለሙያው ያረጀው አካሉ ይሁን ወይስ የተጫነበት ሸክም የበዛ፣ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ሸክሙ ከሆነ ማቅለል ይቻላል፤ ጠረጴዛው ስለጠበበ ብቻ ጸሐፊውን ማሰናበት ግን ደግ አስተዳደር አይደለም።