የመርሴን ብቸኛ ቁጥር

ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከራሱና ከ1 በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈለውን ቁጥር እንግሊዝኛው ፕራይም ይለዋል፤ እዚህ «ብቸኛ ቁጥር» ብለነዋል። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያለ ይቀጥላል። ማብቂያ እንደሌለው ዩክሊድ ከ2 ሺህ ዓመታት በፊት አረጋግጧል። ከእነዚህ ውስጥ 2ን ደጋግሞ በማባዛት ከሚገኘው ውጤት 1 ተቀንሶ የሚገኙት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ፈረንሳዊ መነኩሴ በማራን መርሴን ስም «የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች» ይባላሉ።

ሦስት ሁለቶች ሲባዙ 8 ነው፤ 1 ሲቀነስ 7። አምስት ሁለቶች 32 ይሰጣሉ፤ 1 ሲቀነስ 31። የሁለቶቹ ብዛት ራሱ ብቸኛ ቁጥር መሆን አለበት፤ ያ ብቻውን ግን አይበቃም። 11 ብቸኛ ቢሆንም ከ11 ሁለቶች የሚገኘው 2047፣ የ23 እና የ89 ብዜት ነው። መርሴንም እ.ኤ.አ. በ1644 ባወጣው ዝርዝር 67ን በስህተት አካቶ ነበር። ከ67 ሁለቶች የሚገኘውን ቁጥር አካፋዮች አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል በ1903 አገኛቸው፤ 193,707,721 እና 761,838,257,287 ናቸው።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ እስካሁን ከታወቁት የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች 52ኛውን አገኘ፤ ከ1996 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ፍለጋውን በሚያካሂደው በጊምፕስ በኩል ነው። 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው 1 ይቀነሳል። ቁጥሩ 41,024,320 አሃዞች አሉት። የመጨረሻውን አሃዝ ግን ማንም በወረቀት ሊያገኘው ይችላል። 2 እየተባዛ ሲሄድ የመጨረሻው አሃዝ 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ ይዞራል። 136,279,841 ለ4 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ ብዜቱ በ2 ያበቃል፤ 1 ሲቀነስለት በ1።

ይህን ያህል ትልቅ ቁጥር ምስጢራዊ መልእክት ለመቆለፍ ይጠቅማል ብሎ የሚያስብ ይኖራል። ለዚያ ሥራ የሚፈለጉት በመቶዎች የሚቆጠሩ አሃዞች ያሏቸው ናቸው፤ ይህ ለዚያ አይውልም።

ታዲያ ብቸኛ መሆኑ በምን ታወቀ? አካፋይ ሲፈለግለት ቢኖር ዘመን አይበቃም። የመርሴን ቁጥሮች ግን የራሳቸው መፈተኛ አላቸው፤ ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ ጀምሮት አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር አሻሽሎታል። ከ4 ይነሳል፤ በራሱ ያባዛል፣ 2 ይቀንሳል፣ ውጤቱን ለሚፈተነው ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን ይይዛል። ይህ የሚደገመው ከሁለቶቹ ብዛት 2 ለሚያንስ ጊዜ ነው። መጨረሻው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም። 31ን እንፈትን፤ ሁለቶቹ አምስት ስለሆኑ ሦስት ጊዜ ይበቃል። 4 በ4 ሲባዛ 16፣ 2 ሲቀነስ 14። 14 በ14 ሲባዛ 196፣ 2 ሲቀነስ 194፤ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8። 8 በ8 ሲባዛ 64፣ 2 ሲቀነስ 62፤ ለ31 ሲካፈል የሚተርፍ የለም። ለእኔ ከቁጥሩ ርዝመት ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ በ31 ላይ የሠራነው ስሌት 41 ሚሊዮን አሃዝ ላይም አንዲት እርምጃ ሳይለወጥ ይሠራል።

የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች ማብቂያ እንደሌላቸው ያረጋገጠ ግን እስካሁን የለም። አንባቢ ከሰባት ሁለቶች የሚገኘውን 127ን በዚሁ መንገድ ይሞክር፤ አምስተኛው እርምጃ ላይ 0 መምጣት አለበት።